ባቄላው ሳይጠቁር

ልጄ ሙሉጌታ ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቶልኝ መጣ። እሰይ፣ ተባረክ፣ ልጅ ማለት እንዲህ ነው አልኩት። ይህ የሆነው በመስከረም ነው። አሁን ጥቅምት ሊያልቅ ነው፤ ማሞቂያው ግን ከነካርቶኑ ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ተጎልቶ እኔን ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። ማታ ማታ በሹራብ ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ጋቢ ደርቤ «ኧረ ይኼን ነገር ሰካልኝ» ስለው፣ ስልኩን እየጎረጎረ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ገና ነው እማዬ፣ ብርዱ መች ገባና?» ይለኛል። መች ገባና! የአርባ ዓመት ጎልማሳ ስለ ብርድ ምን ያውቃል? የእኔን ጉልበት ይጠይቀው። ትናንትማ ይባስ ብሎ «ኅዳር ሚካኤል ይለፍና እናበራዋለን፤ የመብራት ካርዱ እንዳያልቅብን» አለኝ። ብርድ በቀጠሮ የሚመጣ እንግዳ ነው እንዴ? እኔ እኮ ይህን ቀጠሮ አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንጀቴን ሲያሳርረኝ የኖረ ቀጠሮ ነው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከጎረቤት ግቢ የጽድ ጭስ ሸተተኝ። አጥር ሲያድሱ የተረፈ ቅርፊት ነው መሰለኝ አቀጣጥለውታል። ጽድ ሲነድ እንደ ሌላው እንጨት አይደለም፤ መጀመሪያ አፍንጫን ይነዝራል፣ ቀጥሎ ደስ የሚል ሽታ ይሆናል። እኔም አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ስስብ ጎረቤቴ አየችኝና ደንግጣ «ውይ እትዬ ፈንታዬ፣ ጭሱ አስቸገረዎት? ላጥፋው?» አለች። «ኧረ እንዳታጠፊው!» አልኳት። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን እዚያው መስኮቱ ላይ እንደቆምኩ ደባርቅ ገባሁ።

ደባርቅ ስል የዛሬዋን ደባርቅ አይደለም፣ ሆቴሉና ቱሪስቱ የበዛባትን። የጃንሆይ ጊዜዋን ነው፤ ጣሊያን ወጥቶ ቤቱና መንገዱ የቀረበትን ዘመን። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም፤ እኔ የማውቀው የሴት ሸክም እንጨት በስሙኒ ይገዛ እንደነበር፣ የስሜን ሰዎች ለምዳቸውን ለብሰው የበግ ጠጉር ባና ሊሸጡ ገበያ ይወጡ እንደነበር፣ የእኔ ሸራ ጫማ ደግሞ አውራ ጣቴ በኩል ተቀዶ ብርዱን በዚያ ያስገባው እንደነበር ነው። አባቴ የመንገድ ሥራ ካምፕ መጋዘን ኃላፊ ነበር። ሰዉ አያ ይርዳው ይለዋል። ከጎንደር ተነሥቶ፣ ደባርቅን አልፎ፣ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚወርደውን መንገድ የሚጠግኑ ሠራተኞች አካፋና ዶማቸውን የሚቀበሉት ከእሱ እጅ ነው። ካኪ ካፖርት ነበረው፣ አራቱም ኪሱ ክዳን ያለው፤ ቁልፎቹ ሲንኳኩ ከሩቅ ይሰማሉ። እኛ ልጆች በቁልፉ ድምፅ ነበር መምጣቱን የምናውቀው።

ለዚህ ለሹመቱ ነው እንግዲህ የጣሊያኑን ቤት የሰጡን። አቤት ያን ቤት ያየ ሰው! ድንጋይ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ሰው ሊዘልበት የሚችል መስኮት። ዘመድ ሁሉ ሊያይ መጣ፣ እናቴም እልል አለች። የእልልታው ዋጋ የገባን ጥቅምት ሲጠባ ነው። ድሮ ሣር ክዳን ቤት ሳለን ምድጃው መሐል ቤት ነበረ፤ እሳቱ በጋ ከክረምት አይጠፋም፣ እንቅልፋችንም ምሳችንም ዙሪያውን ነው፣ ጥጆቹ ደግሞ ከመቃኑ ወዲያ ሆነው በትንፋሻቸው ያሞቁናል። እሳት መቼ ይለኮስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ጥያቄው ራሱ የለም። የጣሊያን ቤት ግን ማድ ቤቱ ውጭ ነው፣ ግቢ ጥግ። እሳቱ እዚያ፣ እኛ እዚህ። የግቢው ዘበኛ በደሳሳ ጎጆው ውስጥ ሙቀት ተቃቅፎ ሲተኛ፣ ኃላፊውና ቤተሰቡ በሲሚንቶ ላይ ጥርስ ያንገጫግጫሉ። እኔ የቤት ሥራዬን የምሠራው ዘበኛው ጎጆ ሄጄ ነበር። ሹመት ነው እንግዲህ!

ታዲያ ጣሊያኑስ ሞኝ አልነበረም፤ ሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ምድጃ አስገብቶ፣ ጭስ መውጫውን ከጣሪያ በላይ አቁሞ ሄዷል። ከፊቱ ደግሞ እንደ መደብ የሚቀመጡበት ጥርብ ድንጋይ አለው። ምን ያደርጋል! አባዬ ያን ምድጃ በጆንያ ወትፎት ነበር። ጢም አድርጎ፣ ንፋስ እንኳ እንዳያስገባ። «ለምን?» ሲባል አንድ መልስ ነው ያለው፤ «ባቄላው ሳይጠቁር እሳት የለም!»

ይህ የባቄላ ነገር የወገራ ነው፣ ከአባቱ ከአያቱ የሰማው። እዚያ አገር አመዳይ የሚሉት ውርጭ ወርዶ የጓሮውን ባቄላ እስኪያጠቁረው ድረስ ብርድ ገባ አይባልም ነበር ይላል። ከዚያ በፊት ለሙቀት ብቻ ብሎ እሳት የሚያነድ ሽማግሌ ነው፣ ወይ አራስ ናት፣ ወይ ሰነፍ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ካፖርቱን ደርቦ ወደ ጓሮ ይዞራል፣ ቅጠሉን በጣቱ ገልበጥ ያደርጋል፣ ተመልሶ «ለምለም ነው» ይለናል። ለምለም ነው! የእኛ ከንፈር ጠቁሯል፣ ባቄላው ግን ለምለም ነው። እሱ ራሱ በረደኝ ብሎ አያውቅም። በልጅነቴ አንድ ቀን «በረደኝ» ሲል አልሰማሁም፤ ሌላ ሰው ሲል ከሰማም ፊቱ ይለወጥና ተነሥቶ ይወጣል። እኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር። ጓደኞቼ አባቶቻቸው ሲደበድቧቸው ያለቅሳሉ፤ እኔን የእኔ አባት በባቄላ አስለቀሰኝ።

እናቴ ጥሩነሽ የማክሰኝት ልጅ ናት። ማክሰኝትን የሚያውቅ ያውቃል፤ ፀሐይዋ እስከ ማታ ከትከሻ አትወርድም፣ እህሉ በጊዜ ይደርሳል፣ ሰው በነጠላ ይውላል። ከዚያ አምጥተው ደባርቅ ጣሏት። የዚያን ዓመት ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ኅዳር ማለቂያ ላይ ትወልዳለች ተብሎ። ከእኔ በኋላ ያረገዘቻቸው አልቆሙላትም፤ ስለዚህ ይህ ሆድ እንደ ዕንቁላል ነው የሚያዘው። ጎንበስ ስትል ሁላችን ጎንበስ እንላለን። አባዬን አንቱ ነው የምትለው፣ እንደ ዘመኑ ወግ፤ ንግግሯ ግን በአንቱታው ውስጥ ይቆነጥጣል።

«በጥቅምት አንድ አጥንት ይላሉ፤» አለችው አንድ ማታ፣ ሦስታችንም በአንድ ባና ሥር ተጠቅልለን ሽሮ ስንበላ፤ «እኛ ቤት ሥጋው ቢቀር እንኳ የራሳችን አጥንት ከረመ ወይ? ምነው እንዲህ ጨከኑ?»

«ባቄላው ለምለም ነው» አለ አባዬ።

«ባቄላው አላረገዘ!»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አባዬ ቆጣ አለና «አንቺ ደግሞ ብይ» አለኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ጉርሻዋን አስቀመጠችና ረጋ ብላ ተናገረች። «እኔ በዚህ ሲሚንቶ ላይ አልወልድም። እሳት ካልነደደ ማክሰኝት ወርጄ እናቴ ቤት እወልዳለሁ። ፈንታዬ ትምህርት አላት፣ እዚህ ትቀመጥ። ከወለድኩ በኋላ ግን እመለሳለሁ ብዬ ቃል አልሰጥም።» አባዬ ዝም አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እኛ ቤት ዝምታ ብርድ ነበር። እኔም ባናው ሥር ሆኜ፣ እናቴ ሄዳ እኔና አባዬ በዚያ ሳሎን ለብቻችን ፊት ለፊት ተቀምጠን ባቄላ ስንጠብቅ ታየኝና እንባዬ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ሳይቀር ሐሳቤ ባቄላ ነበር። በጠዋት ተነሥቼ እሮጣለሁ፤ ባቄላው አረንጓዴ ነው። የጎረቤት ሁሉ ጠቁሯል፣ የእኛ ብቻ ልክ እንደ ነሐሴ ቆሟል። ቅዱስ ጊዮርጊስን ለመንኩት፣ ምነው ለእኛ ባቄላ አዘንክለት አልኩት።

ምሥጢሩ ምን ነበር መሰላችሁ? እናቴን እሸት ባቄላ አምሯት ነበር። ያረገዘች ሴት አምሮት ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ካላገኘች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል። ስለዚህ እሸቱ በውርጭ እንዳይበላሽባት ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣና ባቄላውን በገለባና በአሮጌ ጆንያ ሸፈን ታደርገዋለች፤ ጠዋት አባዬ ሳይነሣ ትገልጠዋለች። እኔም አብሬ እሸፍናለሁ። ሁለቱን ነገር፣ የእሷን መሸፈንና የእሱን መጠበቅ፣ አንድ ላይ አምጥቶ ያሰበ ሰው ከቤታችን አልነበረም። ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። አዋቂ ሰዎች እኮ ናቸው!

ነገሩን የገለጠችው እትዬ ዘይነባ ናት። የጎንደር ልጅ ናት፣ ባሏ ደባርቅ ገበያ ጨርቅ ይነግዳል፣ ከእናቴ ጋር ነፍስ ለነፍስ ናቸው። ምላሷ ስለት ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ለእናቴ የሚሆን የሕፃን መጠቅለያ ፍላኔላ ይዛ ስትመጣ ጓሮ አገኘችን። «ምን እያረግሽ ነው?» አለች።

«ውርጭ እንዳይመታብኝ።»

«አያ ይርዳው እሳቱን የሚያነዱት ባቄላው ሲጠቁር ነው አላልሽኝም?»

«አዎ፣ ምን ይደረግ…» ብላ እናቴ ጆንያውን እንደያዘች ቀረች።

«ወላሂ እናንተ ሰዎች ታስቁኛላችሁ!» እትዬ ዘይነባ ወገቧን ይዛ ሳቀች። «ቀን ለእሳቱ ታለቅሻለሽ፣ ማታ ጆንያ ታለብሺዋለሽ። ባልሽ ባቄላውን ይጠብቃል፣ ባቄላው አንቺን ይጠብቃል። በይ አንዱን ምረጪ፣ እሸቱን ወይ እሳቱን!»

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር ከሳቀች። ከዚያ አንድ እግር ባቄላ ላይ ያለውን እሸት ለቀመች፣ እዚያው ቆማ ፈልፍላ በላች፣ ለእኔም ሰጠችኝ፤ የቀረውን እንደተገለጠ ትተነው ገባን። እርግጥ ነው ሰማዩ የጠራ ነበር፣ ደመና የሚባል የለም። ደባርቅ ሰማይ ሲጠራ ውርጭ ይወርዳል፣ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል።

ጠዋት ስንወጣ ጓሮው ነጭ ነው። ፀሐይዋ ነካ ስታደርገው ባቄላው ተልፈስፍሶ ወደቀ፣ በውሃ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቆረ። እኔ በደስታ ዘለልኩ። እናቴ አንዱን አገዳ ከሥሩ ነቅላ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ ሳሎን ገባችና አባዬ ቁርስ ከሚበላበት ሰሃን አጠገብ አስቀመጠችው። እኔ ምድጃው ጋ ሄጄ ቆምኩ፤ ጆንያውን ነይ አውጪ ስባል ለመሳብ ነበር። አባዬ አገዳውን አነሣ። ቅጠሉን ገለበጠ፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው፣ አሸተተው። ፊቱ ላይ ላብ ነበረ፤ በዚያ ብርድ ላብ! ያኔ አላስተዋልኩትም፣ ዛሬ ነው የሚታየኝ። ከዚያ አስቀመጠውና፣

«ይኼ ውርጭ አይደለም። ዋግ ነው» አለ።

ዋግ ነው፣ የእህል በሽታ! እግዜር ያሳያችሁ። ውጭ መሬቱ ነጭ ሆኖ፣ የውሃ ገንዳው በረዶ ሠርቶ፣ ዋግ ነው! እኔ እዚያ ምድጃ አጠገብ ሆኜ ጮኼ አለቀስኩ። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ባቄላውን አንሥታ ውጭ ጣለችው፤ ተመልሳ ሣጥኗን ከፈተች፣ ቀሚሶቿን፣ እትዬ ዘይነባ ያመጣችላትን ፍላኔላ፣ የአንገት ማተቧን የምታስርበትን ትርፍ ክር ሳይቀር አጣጥፋ በቦርሳ አደረገች። በማግስቱ ወደ ጎንደር የሚወርድ እህል የጫነ መኪና ነበር። አባዬ ያየዋል። ካፖርቱን ለብሶ ወጥቶ መጋዘኑ ውስጥ ዋለ።

መኪናው የሚነሣው ከገበያው ማዶ፣ ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር። የዚያ ጥግ ሽታው እስካሁን አይጠፋኝም፤ ናፍጣ፣ የበግ ለምድ፣ ትኩስ ዳቦ። ሾፌሩ ለእናቴ ጋቢናውን ለቀቀላት፤ «ነፍሰ ጡር እህል ላይ አላስቀምጥም» ብሎ። እትዬ ዘይነባ ስንቅ አቀበለቻት። እኔ መርገጫው ላይ ቆሜ የጋቢናውን በር ይዣለሁ፤ መኪናው ቢነሣም የምለቅ አይመስለኝም ነበር። እናቴ ፀጉሬን እየዳበሰች «ሸጋ ልጅ ሁኚ፣ አባትሽን አታስቆጪ» ትላለች፤ እኔ «እኔንም ውሰጂኝ» እላለሁ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። በዚህ መሐል የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። አባዬ እየሮጠ ነበር። ሮጦ አይቼው አላውቅም፤ የመጋዘን ኃላፊ አይሮጥም። መጣና በሌላው በኩል ዞሮ በሾፌሩ ወንበር ጋቢና ገባ። ሾፌሩ ወርዶ ጎማ ሲያይ ነበር፣ «ኧረ አያ ይርዳው! እርስዎ ሊነዱልን ነው?» አለ። አባዬ በሩን ዘጋበት።

«ሊመልሱኝ ነው የመጡት? ሞተሩ ተነሥቷል» አለች እናቴ፣ ወደ ፊት እያየች።

«የምነግርሽ አለ።»

«ስለ ባቄላ ከሆነ ይተዉት።»

«ባቄላውን ተይው» አለ አባዬ። መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። «በጣሊያን ጊዜ እኔና ወንድሜ አድማሱ ጎንደር ቀን ሠራተኞች ነበርን። ድንጋይ እንሸከማለን፣ እንዲህ ያለውን ቤት ስንሠራ ማለት ነው። ማደሪያችን ኖራው ያልደረቀ አንድ ክፍል ነበር። በረደን። ከሰል በቆርቆሮ አቀጣጠልንና አስገባን። አድማሱ ‹አያ፣ ራሴን አመመኝ፣ በሩን ገርበብ እናርገው› አለኝ። እኔ…» ቆመ። እኔ መርገጫው ላይ ሆኜ እሰማለሁ። «እኔ ‹ዝጋው፣ በረደኝ› አልኩት። ታዛዥ ነበር። ተነሥቶ ዘጋው። ሲነጋ እኔን በሩ ሥር ወድቄ አገኙኝ፣ በታች በምትገባው ንፋስ ነው የተረፍኩት። እሱን ግን…»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ውጭ ሾፌሩ በመስኮት እጁን አስገብቶ ክላክስ ነፋ፤ «አያ ይርዳው፣ ወይ ይውረዱ፣ ወይ ይንዱት!»

«ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ሌላ መሆኑን አላጣሁትም» አለ አባዬ። «ድንጋዩን ተሸክሜ የሠራሁት ሰው እኔ ነኝ። ጆንያውን ላወጣ ስል እጄ እምቢ ይለኛል። አንቺና ልጂቱ እዚያ ቤት በር ዘግታችሁ እሳት ስትሞቁ እያየሁ መተኛት አልችልም።»

እናቴ በስሙ ጠርታው አታውቅም ነበር። ያን ቀን ጠራችው። «ይርዳው!» አለች፤ «ይኼን ሁሉ ጊዜ ባቄላ ስታስጠብቀኝ! አፍ የለህም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? እኔ ጨካኝ ነው ብዬ፣ አይወደኝም ብዬ…» ትከሻውን በቡጢ መታችው፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግማ፤ ከዚያ እዚያው ትከሻ ላይ አለቀሰች። አባዬም አለቀሰ። እኔ ደግሞ በሩን ይዤ በሁለቱም ተናድጄ አለቀስኩ። እትዬ ዘይነባ ምኑም ሳይገባት ቦርሳውን ከጋቢናው አወረደች። «ምኑን እጠብቃለሁ? ስታለቅሱ አትሄድም ብዬ ቆረጥኩ» አለቻት በኋላ።

ምድጃውን የከፈተችው እናቴ ናት። ጆንያውን ስትስበው የወፍ ጎጆና የጥላሸት ዶፍ አብሮ ወረደ፤ ዘበኛው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጭስ መውጫውን በረጅም እንጨት ጠረገው። ጽድ ነበር ያነደድነው። ያ ሽታ ነው ዛሬ ጠዋት በመስኮት የገባው። እሳቱ ሲይዝ ሳሎኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ቤት መሰለ፤ ግድግዳው እንኳ ቢጫ እንደተቀባ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አባዬ ግን በርጩማውን አንሥቶ በሩ ጋ ተቀመጠ። በሩን ገርበብ አደረገ፣ እግሩን በክፍተቱ አስገባ። የደባርቅ ንፋስ ደግሞ ግባ በሉኝ አይልም። ፊታችን ይጠበሳል፣ ጀርባችን ይቆረፍዳል። ይህን ያህል ታግለን ያገኘነው እሳት ግማሹ ለሜዳው ነበር! እኔ «አባዬ፣ ዝጋው እንጂ» ልል አፌን ስከፍት እናቴ በዓይኗ ታስቆመኛለች። እንግዳ ሲመጣም ያው ነው። ሰውየው ጋቢውን እየሰበሰበ «አያ ይርዳው፣ ምነው በሩ?» ይላል፤ አባዬ ኮስተር ብሎ «ድመቷ ውጭ ናት፤ ትግባበት» ይላል። ድመቷ እግሩ ሥር ተጠቅልላ ታንኮራፋለች። ከእኛ ግን የሚስቅ አልነበረም። አንድ አዝማሪ ብቻ፣ እሱም ድሮ እሳት ባልነበረ ጊዜ ያዜመውን ይዞ ገበያ ላይ እየዞረ እስከ ጥምቀት አላገጠብን፤

የአያ ይርዳው ቤት፣ ከሩቁ አየሁት፣
ጭስ አይወጣበትም፣ ባዶ ብዬ አለፍኩት።

ወንድሜ የተወለደው በዚያ እሳት ፊት ነው፣ አባዬ በሩን ይዞ። ስሙን ካሳ አለው። ይኸው ካሳ ዛሬ ወልዶ ከብዶ አዘዞ ይኖራል፤ ከሁላችን እሱ ነው ብርድ የማይችል፣ በሚያዝያ ሹራብ የሚለብስ። አባዬ በስተርጅና ጎንደር ከእኛ ጋር ነበር። ሊሞት ሰሞን፣ እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ፣ «ጥሩነሽ፣ በረደኝ» አላት። እናቴ ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችው፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ከዚያ ወጥታ ግቢ ውስጥ ስታለቅስ ሰው ሁሉ ሕመሙ የጠናበት መስሎት ነበር።

እንግዲህ ጽዱ እስኪከስም ይህን ሁሉ ሳስብ ዋልኩ፤ ሳስበውም ንዴቴ ተነሣ። ሰው ለምን አይናገርም? ያን ሁሉ ብርድ የበላን በባቄላ ምክንያት አይደለም፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ባለመውጣቷ ነው። ይኼ የኔ ልጅም ያው ነው፣ ኅዳር ሚካኤል እያለ። ብዬ ብዬ፣ ማን ይጠብቀዋል አልኩና ካርቶኑን በቢላ ቀደድኩት። ማሞቂያውን አወጣሁ፣ ሶኬቱ ውስጥ ሰካሁት፤ ቀላች፣ ሞቀች። ምነው እስካሁን! ወንበሬን አስጠግቼ እግሬን ዘረጋሁ። ጉልበቴ ሲፈታ ይሰማኛል። እንዲያው ደስ አለኝ፤ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ትንሽ እንደቆየሁ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ። ይህ ኤሌክትሪክ ነው፣ ከሰል አይደለም፣ ጭስ የለው ምን የለው፤ አውቃለሁ እኮ! ግን ሄጄ በሩን ገርበብ አደረግሁት። ንፋሱ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲመጣ ነው ልቤ የተረጋጋው።

ሙሉጌታ ከሥራ ሲገባ እዚያው አገኘኝ። መጀመሪያ ማሞቂያውን አየ፣ ቀጥሎ በሩን አየ፣ ራሱን ያዘ።

«እማዬ! ማብራቱስ ይሁን፤ ምነው በሩ? ሙቀቱ ሁሉ እኮ ወጣ!»

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አድማሱን፣ ቆርቆሮውን፣ ጋቢናውን። ሲናደድ ግንባሩ ላይ የምትወጣው ሽብሽብ የአባዬ ናት፤ ሳያት አፌን መልሼ ዘጋሁት።

«ተወው» አልኩት። «ድመቷ ትግባበት።»

ድመት የለንም።